የበርሚንግሃሙ መልእክት፤ ፍትሕን ስለ መጠየቅና ስለ ክርስቲያን ትዕግሥት የቀረበ ትችት

በአገራችን ሰው ተበድሎ አቅም ሲያንሰው «እግዜር ይይልኝ» ይላል። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲጣሉ ደግሞ አላፊ አግዳሚው «በሕግ አምላክ» ብሎ ያቆማቸዋል፤ በቀድሞውም ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ተቋጥሮ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ሁለቱም ንግግሮች የእግዚአብሔርን ስም ይጠራሉ። ነገር ግን በመጀመሪያው ተበዳዩ ክሱን ከሰው ፊት አንሥቶ ወደ ሰማይ ይልከዋል፤ በሁለተኛው ያንኑ ስም ይዞ ወደ ሰው ችሎት ይሄዳል። እንግዲህ ክርስቲያን የሆነ ሰው በደል ሲደርስበት ከሁለቱ የትኛውን ይበል?

በዚህ ጥያቄ ላይ ከትምህርት ጓደኞቻችን ጋር ስንወያይ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ሐሳብ እንሰማለን። አንደኛው ወገን፣ ሃይማኖት ሕዝቡን ዝም ማለትን ስላስተማረው ፍትሕ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሃይማኖቱን ማስቀመጥ አለበት ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ ክርስቲያን ለመታው ሰው ሌላውን ጉንጩን እንዲያዞር ስለ ታዘዘ መክሰስና መሟገት አይገባውም ይላል። እነዚህ ሁለት ወገኖች የተቃወሙ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም እምነትና የፍትሕ ጥያቄ በአንድ ሰው ልብ አብረው ሊያድሩ አይችሉም ማለታቸው ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ይህንኑ ሁለቱም ሳይመረምሩ የተቀበሉትን ሐሳብ ነው። ለምርመራውም አንድ የታወቀ ጽሑፍ መርጠናል፤ እርሱም ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ከበርሚንግሃም ከተማ እስር ቤት የጻፉት መልእክት ነው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

1. መልእክቱ የተጻፈበት ጊዜ

በርሚንግሃም በአሜሪካ በአላባማ ክፍለ አገር የምትገኝ የብረት ሥራ ከተማ ናት። በ1960 በተደረገው ሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ ወደ 340 ሺህ ያህል ሲሆን፣ ከአምስቱ እጅ ሁለቱ ጥቁሮች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ጥቁሮች ከነጮች ጋር በአንድ ምግብ ቤት እንዳይበሉ፣ ከአንድ ቧንቧ ውሃ እንዳይጠጡ፣ ልጆቻቸውም በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ ሕግና ልማድ ተባብረው ይከለክሉ ነበር። የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ የነበሩት ዶክተር ኪንግ፣ የዚያው ከተማ ሰባኪ ከነበሩት ከፍሬድ ሸትልስዎርዝና ከሌሎች ጋር ሆነው ይህን ልዩነት ለመቃወም በሚያዝያ 1963 መጀመሪያ ላይ በአደባባይ ሰላማዊ ሰልፍ ጀመሩ። በ10ኛው ቀን አንድ ዳኛ ሰልፉን የሚከለክል ትእዛዝ አወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ዶክተር ኪንግ ሰልፉን መርተው ወጡና ታሰሩ።

የታሰሩበት ቀን ዓርብ ስቅለት ነበር። በዚያ ዓመት የምዕራባውያን ፋሲካና የእኛ ፋሲካ በአንድ ቀን ስለ ዋሉ፣ ያ ዕለት ሚያዝያ 4 ቀን 1955 ዓ.ም. በእኛም አገር ሕዝቡ በየቤተ ክርስቲያኑ ሲሰግድ የዋለበት ዕለት ነው። ይህን የምንጠቅሰው ለጌጥ አይደለም። ዶክተር ኪንግ ቀኑ ስቅለት መሆኑን አውቀው የወጡ ስለ ሆነ፣ በዚያ ቀን ስለ ፍትሕ መታሰር ከእምነታቸው ጋር የሚስማማ መሆኑን በቃል ሳይሆን በተግባር አስቀድመው ተናግረዋል።

በዚያው ዕለት ስምንት ነጭ የሃይማኖት መሪዎች፣ ማለት ሰባት ክርስቲያኖችና አንድ የአይሁድ ረቢ፣ አንድ መግለጫ አወጡ። በመግለጫቸውም ሰልፉ ጥበብ የጎደለውና ጊዜውን ያልጠበቀ መሆኑን፣ የሚመሩትም ሰዎች ከፊሎቹ ከውጭ የመጡ መሆናቸውን ገልጠው፣ ጉዳዩ በፍርድ ቤትና በንግግር እንዲያልቅ መከሩ፤ የከተማውንም ፖሊስ አመሰገኑ። ይህ መግለጫ የወጣበት ጋዜጣ ወደ እስር ቤቱ ገባ። ዶክተር ኪንግም መልሱን በመጀመሪያ በዚያው ጋዜጣ ዳርቻ ላይ፣ ቀጥሎ አንድ ጥቁር እስረኛ ባቀበላቸው ቁራጭ ወረቀት ላይ፣ በመጨረሻም ጠበቆቻቸው ባስገቡላቸው ደብተር ላይ ጻፉት። መልእክቱ የሚያዝያ 16 ቀን 1963 ቀን የተሰጠው ሲሆን፣ በ1964 «ለምን መጠበቅ አንችልም» በሚለው መጽሐፋቸው ውስጥ ታትሟል። ጸሐፊው በዚያን ጊዜ የ34 ዓመት ሰው ነበሩ።

2. ስለ መጠበቅ

በመልእክቱ ውስጥ መልስ ከተሰጠባቸው ነቀፋዎች ዋናው «ጊዜው አልደረሰም» የሚለው ነው። ዶክተር ኪንግ ለዚህ ሲመልሱ አስቀድመው የሚያቀርቡት ቁጣቸውን አይደለም፤ እንደ ደኅና ተሟጋች ነገሩን ከሥሩ ነው። ሰው አደባባይ ከመውጣቱ በፊት በሦስት ደረጃዎች ማለፍ አለበት ይላሉ። መጀመሪያ በደል መኖሩን በማስረጃ ያረጋግጣል፤ ቀጥሎ ከበዳዩ ጋር ይነጋገራል፤ ከዚያም ራሱን ያነጻል፤ አደባባይ የሚወጣው በአራተኛው ነው። በርሚንግሃም እነዚህን ሁሉ ማለፏንም ያስረዳሉ። በ1962 መስከረም የከተማው ነጋዴዎች ዘር የሚለዩትን አዋራጅ ጽሑፎች ከሱቆቻቸው ለማንሣት ተስፋ ሰጥተው ነበር፤ ነገር ግን ጥቂቶቹ ለአጭር ጊዜ ተነሥተው ተመለሱ፣ የቀሩት ፈጽሞ አልተነሡም። ከዚያም የከንቲባ ምርጫ በመድረሱ፣ ነገሩ ከምርጫው ጋር እንዳይደባለቅ ብለው ሰልፉን ደጋግመው አዘገዩት። ስለዚህ ጊዜውን አልጠበቃችሁም የተባሉት ሰዎች ሲጠብቁ የቆዩ ሰዎች ነበሩ።

ከእነዚህ ደረጃዎች ሦስተኛው የተለየ አስተያየት ይገባዋል። ራስን ማንጻት ሲሉ ሰልፈኛው ሳይወጣ በፊት ቢመታ አጸፋ ሳይመልስ መቻሉን፣ እስር ቢደርስበት መታገሡን ራሱን የሚጠይቅበትንና የሚለማመድበትን ጊዜ ማለታቸው ነው። እኛ ይህን ስናነብ ሱባኤ ትዝ ይለናል። በእኛ ዘንድ ግን ሱባኤ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ነገሩን ለእግዚአብሔር ሰጥቶ መልሱን ይጠብቃል፤ በመልእክቱ ውስጥ ሱባኤው የሚገባው በንግግርና በአደባባይ መካከል ነው። ትዕግሥት ማለት በቤት መቀመጥ ሳይሆን፣ ወጥቶ ሲመቱት የማይመታ ሰው ለመሆን መዘጋጀት ይሆናል ማለት ነው። ጽሑፉ ስለ ትዕግሥት የሚያስተምረው ዋናው ነገር ይህ ይመስለናል።

ከዚህ ቀጥሎ መልእክቱ የታወቀበት ረጅም ዐረፍተ ነገር ይመጣል። በእንግሊዝኛው ከሦስት መቶ ቃላት በላይ አለው። በውስጡም አንዱ በደል ከአንዱ እየተከታተለ ይቆጠራል፤ ሕዝብ በአድማ የገደላቸው አባቶችና እናቶች፣ ፖሊስ የደበደባቸው ወንድሞች፣ በመንገድ ሲጓዙ ማደሪያ ተከልክለው በመኪና ውስጥ የሚያድሩ ቤተ ሰቦች ይነሣሉ። መጠበቅ ለምን እንደሚያስቸግር የሚናገረው ማሠሪያ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለ አጻጻፍ የተለመደ አይደለም፤ በአማርኛ ግን ማሠሪያ አንቀጹ በመጨረሻ መምጣቱ የቋንቋችን ጠባይ ስለ ሆነ፣ የዐረፍተ ነገሩ አሠራር ለእኛ አንባቢዎች እንግዳ አይሆንብንም። ጥቅሙም ግልጥ ነው። ጠብቁ የሚለው መካሪ ራሱ ማሠሪያው እስኪመጣ ድረስ እንዲጠብቅ ተደርጓል፤ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ መጠበቅ እንዴት እንደሚከብድ ከንባቡ ይማራል።

በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከግድያው አጠገብ ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ተቀምጠዋል። የስድስት ዓመት ልጃቸው በቴሌቪዥን ያየችው የልጆች መጫወቻ ቦታ ለጥቁር ልጆች የተከለከለ መሆኑን አባትዋ ሲነግሩዋት ታለቅሳለች። ጥቁር ወንድ ሸምግሎም «ልጅ» ተብሎ ይጠራል፤ ሚስቱና እናቱም ለሌሎች ሴቶች የሚሰጠው የ«ወይዘሮ» ማዕረግ አይሰጣቸውም። አንዳንድ አንባቢ ይህን ከሞት ጋር አብሮ መቍጠር ሚዛን ማጣት ነው ሊል ይችላል። አማርኛ ተናጋሪ ግን እንዲህ ሊል የሚገባው አይመስለንም። በቋንቋችን ሽማግሌውን «አንቱ» ማለትና «አንተ» ማለት በእያንዳንዱ ግሥ ላይ ስለሚታይ፣ ሰውን ከክብሩ ለማውረድ አንድ ፊደል እንደሚበቃ እናውቃለን። አባቶቻችንም «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ የበደል ክብደት በጠፋው ነገር ዋጋ እንደማይለካ ተናግረዋል። በመልእክቱ ውስጥ የልጅቱ ዕንባ ያቺ ጭብጦ ናት።

3. የመቄዶንያው ጥሪ

ስምንቱ መሪዎች የሰልፉን መሪዎች ከውጭ የመጡ ናቸው በማለታቸው፣ ዶክተር ኪንግ ራሳቸውን ከሐዋርያው ጳውሎስ ጋር ያነጻጽራሉ። ጳውሎስ አገሩን ጠርሴስን ትቶ ወንጌልን ወደ ሩቅ አገር እንደ ወሰደና ለመቄዶንያውም ጥሪ መልስ እንደ ሰጠ ያነሣሉ። መልእክቱ ከዚህ አያልፍም። እኛ ግን የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 16 ከመልእክቱ አጠገብ ከፍተን ስናነበው፣ ጸሐፊው ከጠቀሱት በላይ በዚያ ምዕራፍ ውስጥ ተጽፎላቸው እናገኛለን።

ጳውሎስ በሌሊት ራእይ የመቄዶንያ ሰው ና እርዳን ሲለው አይቶ ተሻገረና ወደ ፊልጵስዩስ ከተማ ደረሰ። በዚያም ከሲላስ ጋር የከተማይቱን ሰላም አወክህ ተብሎ ተከሰሰ፤ ሳይፈረድባቸውም በበትር ተደብድበው እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ታሰሩ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ይጸልዩና ይዘምሩ ነበር። ምድር ተናውጣ የወኅኒው ደጅ ሲከፈትም አልሸሹም። እስከዚህ ድረስ ያለውን ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ ይነግሩናል። በነጋ ጊዜ የሆነው ግን ብዙ አይነገርም። ገዦቹ እስረኞቹ በዝምታ እንዲለቀቁ ሲልኩ፣ ጳውሎስ አልሄድም አለ። የሮም ዜጎች ስንሆን ያለ ፍርድ በሕዝብ ፊት ደብድበውናል፤ አሁን በስውር ሊያስወጡን አይገባም፣ ራሳቸው መጥተው ያስወጡን ብሎ መለሰ። ገዦቹም ፈርተው መጡና ለመኑዋቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው፣ ሌሊት የዘመረውና ጠዋት ክሱን ያቀረበው አፍ አንድ መሆኑን ነው። ጳውሎስ ገዦቹ እንዲገረፉለት አልጠየቀም፤ ካሣም አልፈለገም። የጠየቀው በግልጥ የተሠራው በደል በግልጥ እንዲታመን ነው። በቀልን ትቶ እውነትን አልተወም። የጌታችንም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። በተራራው ስብከት ሌላውን ጉንጭ ስለ ማዞር ያስተማረው እርሱ ራሱ፣ በሊቀ ካህናቱ ፊት አንድ ሎሌ በጥፊ በመታው ጊዜ ክፉ ተናግሬ እንደሆነ መስክር፣ ካልሆነ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ ብሎ እንደ ጠየቀው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ተጽፏል። አልመታውም፤ ዝምም አላለውም። ምስክር ጠራበት። እንግዲህ መክሰስ ለክርስቲያን አይገባም የሚለው ወገን ከትእዛዙ ጋር የትእዛዙን ባለቤት አፈጻጸም አብሮ ማንበብ ይኖርበታል።

ዶክተር ኪንግ የመቄዶንያውን ጥሪ ሲጠቅሱ ይህን ሁሉ ሳይጽፉት መቅረታቸውን እንደ ጉድለት አንቈጥረውም። የተላከላቸው ሰዎች መጽሐፉን የሚያውቁ ስለ ነበሩ ምዕራፉን እነርሱ ራሳቸው እንዲጨርሱት የተተወላቸው ይመስላል። ሰላም አወክህ ተብሎ የታሰረ ሰው ከእስር ቤት መልእክት ሲጽፍላቸው፣ ጳውሎስም ከእስር ቤት ለፊልጵስዩስ ሰዎች መልእክት መጻፉን ሊዘነጉ አይችሉም ነበር።

4. ሕግና ሕሊና

ከመልእክቱ ክፍሎች ለክርክር የሚያጋልጠው ስለ ሕግ የሚናገረው ነው። ዶክተር ኪንግ የቅዱስ አውግስጢኖስንና የቶማስ አኩዊናስን ትምህርት መሠረት አድርገው፣ ከእግዚአብሔር ሕግ ጋር የማይስማማ የሰው ሕግ ሕሊናን ሊያሥር አይችልም ይላሉ። ለምሳሌም ናቡከደነፆርን እንቢ ያሉትን ሦስቱን ወጣቶች ያነሣሉ። እነዚህ ለእኛ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ናቸው፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ይታሰባሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ላይ ብዙ ጊዜ የምናየው መልአኩ እሳቱን ሲያጠፋላቸው ነው። በዳንኤል መጽሐፍ ግን ከመዳናቸው በፊት ለንጉሡ የሰጡት መልስ አለ፤ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል፣ ባያድናቸውም እንኳ ለምስሉ እንደማይሰግዱ ነገሩት። የእምነታቸው ክብደት ያለው በዚህ «ባያድናቸውም» በሚለው ላይ ነው። ዶክተር ኪንግም ዋስ የሚሆን ገንዘብ መኖሩን ሳያረጋግጡ ወደ እስር ቤት በመግባታቸው የተከተሉት ሥዕሉን ሳይሆን መልሱን ነው ለማለት እንችላለን።

ይሁን እንጂ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ማንም ሰው የማይወደውን ሕግ ከእግዚአብሔር ሕግ ጋር አይስማማም ብሎ ቢያፈርስ ማን ይከለክለዋል? ይህን ጥያቄ መልእክቱ አይሸሸውም። ለመለያ የሚሆኑ፣ ከሕሊና ውጭ ሰው ሁሉ ሊያያቸው የሚችል ምልክቶች ይሰጣል። ብዙኃኑ በጥቂቱ ላይ የሚጭነው፣ ራሱ ግን የማይገዛለት ሕግ ፍትሕ የለውም። ድምፅ እንዳይሰጥ የተከለከለ ሕዝብ ሳይጠየቅ የወጣበት ሕግ ፍትሕ የለውም። ለሰልፍ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ እንደሚያዘው ያለ ሕግ ደግሞ ሲያነቡት ደኅና ሆኖ ልዩነትን ለመጠበቅ ሲሠሩበት ይበላሻል። ከሁሉ በላይ እንዲህ ያለውን ሕግ የሚያፈርስ ሰው በግልጥ፣ በፍቅርና ቅጣቱን ለመቀበል ፈቅዶ ያፈርሳል። ሽፍታና ሰማዕት ሁለቱም ትእዛዝ ያፈርሳሉ፤ ነገር ግን ሽፍታው ይሸሻል፣ ሰማዕቱ ስሙን ተናግሮ ይቆማል።

ይህ መልስ በወረቀት ላይ የሚያምር ብቻ አለመሆኑን ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ያሳያል። የበርሚንግሃሙ ጉዳይ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና፣ በ1967 ከዘጠኙ ዳኞች አምስቱ ሰልፈኞቹ የዳኛውን ትእዛዝ አስቀድመው በፍርድ ቤት ሳይቃወሙ በማፍረሳቸው መቀጣታቸው ትክክል ነው ብለው ፈረዱ። ዶክተር ኪንግም በዚያው ዓመት ወደ አላባማ ተመልሰው ቅጣታቸውን ታሠሩ። በ1969 ግን ያው ፍርድ ቤት በሸትልስዎርዝ ጉዳይ የከተማው የሰልፍ ፈቃድ ደንብ የተሠራበት መንገድ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይስማማ ወሰነ። በዚህ ጊዜ ዶክተር ኪንግ በሚያዝያ 1968 በሜምፊስ ከተማ ከተገደሉ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ቅጣቱን የተቀበሉት ሰው ትክክለኛ የነበሩ መሆናቸውን ፍርዱ ሲናገር በሕይወት አልሰሙትም። ለሕግ ያላቸው አክብሮት በዚህ ታወቀ፤ ትእዛዙን እንቢ ሲሉ ዳኛውን አልካዱም፤ ፍርዱ ሲከፋባቸውም ወደ ወኅኒው በእግራቸው ሄዱ።

በአገራችን ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረው ፍትሐ ነገሥት መንፈሳዊውንና ሥጋዊውን ሕግ ሁለት ክፍል አድርጎ በአንድ መጽሐፍ ይይዛል። በዚህ ልማድ ላደገ ሰው ሕግ ከእግዚአብሔር ጋር ዝምድና አለው መባሉ አዲስ አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ዝምድና ሁለት ተቃራኒ ትምህርት ሊወጣ ይችላል። አንዱ፣ ሕግ ሁሉ ከእግዚአብሔር ስለ ሆነ አይጠየቅም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሕግ ከእግዚአብሔር ስለ ሆነ ለእግዚአብሔር የማይገባውን ሲያዝ ይጠየቃል የሚል ነው። «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል ሁለተኛውን እንደሚደግፍ እናምናለን፤ ሕጉን ከአምላኩ በታች አድርጎ ይጠራዋልና።

5. የመልእክቱ ጉድለት

ጽሑፉን ስላመሰገንን ጉድለቱን ልንሸፍንለት አይገባም። ፍትሕን የሚጠይቅ ጽሑፍ ለተከሳሾቹም ፍትሕ ሊሰጥ ይገባዋል። መልእክቱን ብቻ ያነበበ ሰው ስምንቱ መሪዎች አንድ መልክና አንድ ልብ ያላቸው ሰዎች ይመስሉታል። ነገር ግን ከእነዚሁ ሰዎች አብዛኞቹ በ1963 ጥር፣ የነጮችን ብቸኝነት የሚደግፉ ሰዎች የፍርድ ቤትን ውሳኔ በዐመፅ እንዳይቃወሙ የሚመክር ሌላ መግለጫ አውጥተው ነበር። መልእክቱ ከመካከላቸው ኧርል ስታሊንግስ ጥቁሮችን ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው በመቀበላቸው በስማቸው ጠርቶ ያመሰግናል፤ ለሌሎቹ ግን ይህን አያደርግም። በኋላም ከስምንቱ አንዱ የካቶሊኩ ጳጳስ ጆሴፍ ዱሪክ በቴኔሲ የጥቁሮችን መብት በመደገፍ የታወቁ ሰው ሆነዋል። ሰው ሊለወጥ እንደሚችል ማመን የዚህ ንቅናቄ መሠረት ስለ ሆነ፣ መልእክቱ ለዚህ ለውጥ በር የሚከፍት ቃል ቢጨምር ኖሮ ከራሱ ትምህርት ጋር ይበልጥ ይስማማ ነበር።

ይህን ነቀፋ ስናቀርብ የአቀማመጡን ልዩነት አንዘነጋም። አንዱ ወገን መግለጫውን የጻፈው ከቤቱ ሆኖ ነው፤ ሌላው መልሱን የጻፈው በጋዜጣ ዳርቻ ነው። መልእክቱም ከሁሉ ይልቅ የሚያዝነው በግልጥ ጠላቶች ላይ ሳይሆን፣ ዓላማችሁን እንወዳለን መንገዳችሁን ግን አንወድም በሚሉ ለዘብተኞች ላይ ነው። ሥርዓት የሚባለውን ዝምታ ከፍትሕ ያስበለጡት እነርሱ ናቸውና። በዚህ ፍርዱ መልእክቱ አልተሳሳተም ብለን እናስባለን።

የጽሑፉ መደምደሚያ ደግሞ ለጉድለቱ ግማሽ መልስ ይሰጣል። ዶክተር ኪንግ ሁለት ይቅርታ ይጠይቃሉ። ቃላቸው ከእውነት አልፎ እንደሆነ ስምንቱን ወንድሞቻቸውን ይቅርታ ይለምናሉ። ከእውነት አንሶ፣ ትዕግሥታቸውም ከወንድማማችነት ባነሰ ነገር እንዲረኩ አድርጎአቸው እንደሆነ ግን ይቅርታ የሚለምኑት እግዚአብሔርን ነው። ይህን አከፋፈል ልብ ልንለው ይገባል። የንግግር ማክረር በሰው ላይ የሚሠራ ጥፋት ስለ ሆነ ሰው ይቅር ሊለው ይችላል። በደልን በትዕግሥት ስም ማስለመድ ግን በእግዚአብሔር ላይ የሚሠራ ኃጢአት ሆኖ ተቈጥሯል። ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ የሚያስጠነቅቁን ከመጀመሪያው ነው፤ መልእክቱ በሁለተኛው እንድንፈራ ያደርገናል።

በመጨረሻ፣ ይህ መንገድ ፍትሕ ሳይመጣ ሲዘገይ ይጸናልን የሚል ሰው ይኖራል። በግንቦት 10 ቀን 1963 የበርሚንግሃም ነጋዴዎችና የሰልፉ መሪዎች ስምምነት አደረጉ፤ በሐምሌ 1964ም የዜጎችን መብት የሚጠብቀው ሕግ በአሜሪካ ተፈረመ። በመካከሉ ግን በመስከረም 15 ቀን 1963፣ እሑድ ጠዋት፣ በከተማዋ የ16ኛው መንገድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ቦምብ ፈንድቶ አራት ልጃገረዶችን ገደለ። ከወንጀለኞቹ የመጀመሪያው የተፈረደበት በ1977፣ የመጨረሻው በ2002 ነው። ከ14 ዓመት እስከ 39 ዓመት ማለት ነው። በዚህ ዘመን ሁሉ ለሞቱት ልጆች በቤተ ክርስቲያኑ ይጸለይ ነበር፤ ሆኖም የተዘጋውን መዝገብ ያስከፈቱት ነገሩ በሰው ችሎት ፊት እንዲታይ የጠየቁ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ ስንመለስ፣ «እግዜር ይይልኝ» የሚለውን ቃል አንነቅፈውም። ተበዳዩ በቀሉን ከእጁ የሚያወጣበት ቃል ነውና ለክርስቲያን ያስፈልገዋል። የምንነቅፈው በዚህ ቃል ክሱንም አብሮ ከእጁ ሲያወጣ ነው። በቀሉን ለእግዚአብሔር የሰጠ ሰው ሁለት እጆቹ ባዶ ስለሚሆኑ፣ ኩታውን ከበዳዩ ኩታ ጋር አቋጥሮ ወደ ዳኛ ለመሄድ ከሌላው ሰው ሁሉ የተሻለ ይመቸዋል።